ክረምቱ ገና አልወጣም

ስቶክሆልም፣ መስከረም 4 ቀን

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፤ እንደምን ሰነበትሽ? እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

«ቀን ይተኩሳል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ ክረምቱ ወጣ እንዴ?» ያልሽኝን በሚቆራረጥ ስልክ ከማስረዳ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። የአየር ጠባይ ነገር እንጀራዬ ስለሆነ ቢረዝምም ታገሺኝ።

አልወጣም። ዝናቡን የሚያመጣልን የሰሜኑና የደቡቡ ነፋሶች የሚገናኙበት መስመር ነው፤ አሁን ወደ ደቡብ መሸሽ ጀምሯል። ግን ብድግ ብሎ አይሄድም፤ ጥቂት ቀን ሸሽቶ ደግሞ ይመለሳል። በነሐሴ አዲስ አበባ ላይ ከ250 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፣ በመስከረም ወደ ግማሹ ይወርዳል፣ ጥቅምት ሲጋመስ ግን አልፎ አልፎ ካልሆነ አይታይም። ስለዚህ እስከ መስቀል ጃንጥላው ከበሩ አጠገብ አይነሳ። በርበሬውንም ለጥቅምት አቆዪው። አሁን ቢሰጣ አንድ ከሰዓት የሚመጣ ዝናብ ያርሰውና ውስጡ ሳይደርቅ ይሻግታል፤ የሻገተ በርበሬ ደግሞ ታጥቦም ተቆልቶም አይድንም።

የሙቀቱ ነገር እንዲህ ነው። ደመና ለከተማው ጋቢ ነው፤ ቀን ፀሐይዋን ይከልላል፣ ሌሊት የመሬቱን ሙቀት ይይዛል። ጋቢው ሲገፈፍ የቀኑ ትኩሳትና የሌሊቱ ብርድ አብረው ይመጣሉ። በዚህ ሰሞን እንደ ወትሮው ከሆነ ቀን 21 ወይም 22 ዲግሪ፣ ሌሊት 10 ወይም 11 ነው። በጥቅምት ቀኑ አንድ ዲግሪ ያህል ቢጨምር ነው፤ ሌሊቱ ግን ወደ 9፣ በኅዳር ደግሞ ወደ 7 ይወርዳል። «ቀኑ ሞቀ» ብለሽ ወፍራሙን ብርድ ልብስ አጥበሽ እንዳታስቀምጪ። ብርዱ የሚከፋው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን ሊነጋ ሲል፣ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ ከዋክብት ከታዩና ነፋስ ከሌለ የሚቀጥለው ንጋት ይቆነጥጣል፤ ከደመነ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይሻላል። ቤት ለማሞቅ ከሰል ወደ መኝታ ክፍል አይግባ፤ ጭሱ ቢወጣለትም የማይሸተው መርዝ ይቀራል፣ የተኛ ሰው አይነቃበትም።

ስልክሽ ላይ የሚወጣውን ቁጥር እንዳለ አትመኚው። ትልልቆቹ የትንበያ ሞዴሎች አገሩን 9 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሆኑ አራት ማዕዘኖች ከፍለው ነው የሚያሰሉት፤ እንጦጦና ቦሌ አንድ ላይ ሊጨፈለቁ ይችላሉ። ቀን ላይ በየ100 ሜትሩ ከፍታ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ ሽሮ ሜዳ ከቦሌ ይቀዘቅዛል። ጥርት ባለ ሌሊት ግን ይገለበጣል፤ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ፈስሶ ወንዝ ዳር ይተኛል። ግንፍሌ አጠገብ ያላችሁት እናንተ ከላይ ካሉት ይልቅ የምትንቀጠቀጡት ለዚህ ነው። «ዝናብ 60 በመቶ» ሲልም ቀኑን ከግማሽ በላይ ይዘንባል ማለት አይደለም፤ የመዝነቡን ዕድል እንጂ።

የመስከረም ዝናብ ከሐምሌው ጠባዩ ይለያል። ጠዋት ፀሐይ ርጥቡን መሬት ታሞቀዋለች፣ ከ6 ሰዓት በኋላ ደመናው እንደ ግንብ ይቆማል፣ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ነጎድጓድና አንዳንዴም በረዶ ይዞ ይወርዳል። ሲወርድ ሙቀቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 6 እና 7 ዲግሪ ሊጥል ይችላል። ልጆቹ ሹራቡን ለብሰው ከሄዱ ረፋድ ላይ ማውለቃቸው አይቀርም፤ ቦርሳቸው ውስጥ ይክተቱት እንጂ ቤት ጥለውት አይሂዱ። ልብስ ማጠብም ከሆነ 2 ሰዓት ላይ ተሰጥቶ 7 ሰዓት ላይ ይሰብሰብ።

ለአሸንዳው ሰው ከመስቀል በፊት ጥሪለት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የእኛ ቆርቆሮ 40 ካሬ ቢሆን፣ 20 ሚሊ ሜትር ዶፍ 800 ሊትር፣ አራት ሙሉ በርሜል ያወርዳል። አሸንዳው በቅጠል ከተደፈነ ወይም በረዶ ከተጠቀጠቀበት ያ ሁሉ ውኃ ወደ ጣሪያው ጠርዝ ተመልሶ በኮርኒሱ ይገባል። ወደ መውረጃው በየሜትሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይታሰር፤ መሀሉ ከጎበጠ ውኃ ይቋጥራል፣ ክብደቱም ሚስማሩን ይነቅላል።

ወንዙን በሰፈራችሁ ሰማይ አትለኩት። አራት ኪሎ ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ከጠቆረ ግንፍሌና ቀበና ሊሞሉ ይችላሉ፤ መሬቱ ክረምቱን ሙሉ ስለጠጣ አሁን አይውጥም። ልጆቹ በዚያ ሰዓት በወንዙ አቋርጠው እንዳይመጡ፣ በድልድዩ ይዙሩ።

ለደመራ መስቀል አደባባይ የምትወጪ ከሆነ ነጠላሽን በላስቲክ ያዢ፣ ከውስጥ ሹራብ ልበሺ። ፀሐይ ስትጠልቅ የቆመ ሰው ቶሎ ይበርደዋል። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የአስር ቀን ትንበያ ስለሚያወጣ ያንን በሬዲዮ ተከታተዪ፤ የሁለትና የሦስት ቀኑን ያዢው፣ ከሳምንት በኋላ ያለውን ግን እንደ ጥቆማ ብቻ ውሰጂው። የአሸንዳውን ሰው ሒሳብ ስትነግሪኝ ወዲያው እልካለሁ።

ልጅሽ