የካንተርበሪ መንበር ከሄንሪ ይቀድማል

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ባወጣችሁት ጽሑፍ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ቀዳሚ መንበር የሆነው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስነት በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የተጀመረ ተደርጎ ቀርቧል። መንበሩ ግን ከሄንሪ በ900 ዓመት ገደማ ይቀድማል፤ የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ የላከው መነኩሴና የመንበሩ የመጀመሪያ ሊቀ ጳጳስ አውግስጢኖስ (የሂፖው አይደለም) ካንተርበሪ ወደምትገኝበት ኬንት የደረሰው እ.ኤ.አ. በ597 ነው። ሄንሪ ያደረገው መንበሩን ከሮም ሥልጣን አውጥቶ ከዘውዱ ሥር ማዋል ነው። ከቤተ መንግሥት ጋር መጋጨቱም ቢሆን ቀድሞ የነበረ ነው፤ ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት በ1170 በገዛ ካቴድራሉ ውስጥ በአራት የንጉሡ ፈረሰኞች ሰይፍ ወደቀ። ከሊቃነ ጳጳሳቱ መካከል ክራንመር በ1556 በእሳት ተቃጠለ፤ ሎድ በ1645 አንገቱ ተቀላ። ሹመት ያዳብር የሚያሰኝ አይደለም! በ2025 ለመንበሩ የተሰየሙት ሣራ ሙላሊ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸው መዘለሉም ገርሞኛል።

የዘወትር አንባቢያችሁ