የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ጉዞ፦ ለግቢያችን ነዋሪዎች

ሰላም ጎረቤቶች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከነልጆቻችን ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ልንውል ነው። ለመኪና ኪራይ ቁጥር ስለሚያስፈልግ እስከ ረቡዕ ማታ መልስ ስጡን።

መነሻ ከግቢው በር፣ ጠዋት 2 ሰዓት። 2 ሰዓት ማለት 2 ሰዓት ነው፤ ባለፈው ያየነው አይደገም። መመለሻ 9 ሰዓት ተኩል ላይ።

ቦታው 705 ሄክታር ነው። በአንድ ቀን ዞረን አንጨርሰውም፤ ስለዚህ ልጆች ከወላጅ ዓይን እንዳይርቁ። ዳገት አለው፣ ስኒከር ይሻላል። እንጦጦ ጥግ ስለሆነ ጠዋት ይበርዳል፣ ቀትር ላይ ደግሞ የጥቅምት ፀሐይ አናት ይበሳል። ሹራብም ኮፍያም ያዙ። አዛውንቶች ከታች ጥላ ሥር አረፍ እንዲሉ ምንጣፍ እንይዛለን።

ምሳ ሁሉም ከቤቱ ያመጣል፣ አብረን እንበላለን። የጽጌን ጾም የያዙ ስላሉ የጾሙ ምግብ ለብቻው ይታሰር። ጀበናና ከሰል ግን በፍጹም አይያዝ፤ ጫካ ውስጥ እሳት ቀልድ አይደለም። ቡናው በፔርሙዝ ይመጣል፣ ፈንዲሻውም ተፈንድቶ። ለቆሻሻ ፌስታል አትርሱ።

እፅዋት የሚያውቅ ሰው ካለ ልጆቹን ይዞ ቢዞር ደስ ይለናል። ጽድን ከባሕር ዛፍ የማይለዩ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቻችንም ጭምር።

መልሳችሁ ላይ የአዋቂና የልጅ ብዛት ለየብቻ ጻፉ። የመኪናና የመግቢያ ሂሳብ በዚያ መሠረት ሐሙስ እናሳውቃለን።

አስተባባሪዎቹ