«ስንት ነው?» ያለችው ደንበኛ፦ የሥራ ፈጠራ ክበባችን ዓመት
የክበባት ዘገባ በየዓመቱ በቅጽ ነው የሚጠየቀው። የተሠሩ ሥራዎች፣ ያጋጠሙ ችግሮች፣ የተወሰዱ መፍትሔዎች። የክበቡ መምህር ነኝና ቅጹን ሞልቼ ለትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ሰጥቻለሁ። እዚህ የምጽፈው ቅጹ ላይ ቦታ ያጣሁለትን ነው።

መስከረም ላይ 14 ሆነን ጀመርን። ጥቅምት ሳያልቅ አምስቱ ጠፉ። ክበቡ ብር የሚያከፋፍል መስሏቸው ነበር፤ አልፈረድኩባቸውም። ከቀሩት ዘጠኙ ጋር አንድ ሥራ ያዝን። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እየተማሩ በጎን የራሳቸውን ሥራ የጀመሩ ልጆችን ፈልገን «ምን አነሳሳችሁ?» ብለን ልንጠይቅ።

ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ ነው የተከፈተው። ዛሬ የግቢ ተማሪ ያልተሳፈረበት ታክሲ ማግኘት ይከብዳል። የክበባችን ልጆችም ገሚሶቹ እዚያ እኅት ወይም ወንድም አላቸው። ሰው የማግኘት ችግር አልነበረብንም።

የመጀመሪያው ዙር ግን ከሸፈ። ልጆቼ ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች አንዱ ወደሆነው ማራኪ ግቢ ሄደው ደብተር ሙሉ መልስ ይዘው መጡ። ገልጬ ሳነብ ሁሉም አንድ ነው። «የራሴ አለቃ መሆን ስለምፈልግ።» «ለወገኔ የሥራ ዕድል ለመፍጠር።» «ራዕይ ስላለኝ።» ሥራ ፈጠራ አሁን ግቢ ውስጥ በትምህርትነት ይሰጣል። የፈተናውን መልስ ነው የመለሱልን።

ጥያቄውን የቀየረችው አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጃችን ናት። ዶርሟ ውስጥ ሹሩባ የምትሠራ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ዘንድ ሄደች። «ለምን ጀመርሽ?» ማለቱን ትታ «የመጀመሪያውን ብር መቼ ተቀበልሽ? ከማን?» አለቻት። ልጅቱ ሳቀች። ከዚያ ወሬው መጣ። አንደኛ ዓመት ሳለች ከቤት የሚላክላት ብር ይቋረጣል። ጥምቀት ደርሷል፤ በጥምቀት ሰሞን ደግሞ ጎንደር ውስጥ ሹሩባ የማይሠራ ማን አለ? የዶርም ጓደኛዋን በነጻ ትሠራታለች። የጎረቤት ዶርም ልጅ ትመጣና «ስንት ነው?» ትላታለች። «እኔም ስንት እንደሆነ አላውቅም ነበር» አለች። ዋጋውን የተናገረችው ደንበኛዋ ናት።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም በዚህ መንገድ ጠየቀ። ራዕይ የሚለው ቃል ከደብተራችን ጠፋ። በምትኩ የተሰበረ ስልክ መጣ፣ ያለቀ የኪስ ገንዘብ መጣ፣ አራዳ ገበያ ሱቅ ያለው አጎት መጣ። አንዱ ሲኒየሩ ተመርቆ ሲወጣ ፕሪንተሩን በዱቤ ትቶለት ነው የጀመረው። ሌላው የተመረቀ ወንድሙን አይቶ ነው። ወንድምየው «0 ዓመት» የሚል የቅጥር ማስታወቂያ ፍለጋ ሰሌዳ ለሰሌዳ ሲዞር ከርሟል። እንዲህ ያለውን አጥኚዎች ችግር የገፋው ይሉታል፤ ዕድል የሳበውን ለብቻ ይመድባሉ። የሹሩባዋን ልጅ የቱ ጋ እንመድባት? ክበቡ አንድ ከሰዓት ሙሉ ተከራክሮ ሳይስማማ ተበተነ። እኔ ሁለቱም ነው ባይ ነኝ። ችግሩ ገፋት፣ ጥምቀት ጠራት።

አይዘን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው አንድን ነገር ለማድረግ የሚቆርጠው በሦስት ነገር ነው ይላል። ነገሩን ራሱ እንዴት እንደሚያየው፣ የቅርብ ሰዎቹ ምን እንደሚሉ፣ እችለዋለሁ ብሎ ማመኑ። የተማሪዎችን ንግድ የሚያጠኑም በዚሁ መለኪያ ብዙ ይጠቀማሉ። ለልጆቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፍላቸው ሁለተኛው ላይ ቀሩ።

ምክንያቱም ደብተሩ ውስጥ አባቶች ነበሩ። በቴሌግራም ልብስ የሚሸጥ አንድ ተማሪ ቻናሉ ላይ ስሙን አላወጣም። ወላጆቹ እንዳይሰሙ ነው። አባቱ አንዴ ጠርጥረው «ለዚህ ነው ያስተማርኩህ? ጉሊት ልትቀመጥ?» ብለውታል። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ዕቃው ሳምንታት ይቆይበታል፤ ያንን ይችለዋል። የአባቱን ፊት ነው ያልቻለው። ይህን ሳነብ ወለቃ ትዝ አለኝ። የሸክላ ሥራ ያላት መንደራችን እዚሁ አፍንጫችን ሥር ናት። በዚህ አገር ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ስንት ዘመን ተሰድቧል! እኔም ልጅ ሆኜ ሰድቤያለሁ። አባትየውን ለመውቀስ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ሦስተኛውን፣ እችለዋለሁ ብሎ ማመኑን፣ ቆሎ በመሸጥ ሞከርነው። ለወላጆች ቀን የገብስ ቆሎ ከሱፍ ጋር ቀላቅለን በወረቀት ጠቅልለን ሸጥን። ከሰዓት ሳይሆን አለቀ። ልጆቹ በትርፉ ጮቤ ረገጡ። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ ስናወርደው ከሰሉ አልተጻፈም። ይባስ ብሎ ቆሎውን ሌሊት ተነሥተው የቆሉት የአንዱ ተማሪ እናት አንድ ሳንቲም አልተከፈላቸውም። «ቲቸር፣ እማዬ እኮ ብር አልጠየቀችም» አለኝ ልጁ። ከሰሉንና የእሳቸውን ጉልበት ስንቀንስ ትርፍ የሚባል ነገር አልቀረም።

በሁለተኛው ሽያጭ ከፈልናቸው፤ ዋጋም ጨመርን። በጭማሪው የመጀመሪያው አኩራፊ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ነበር። ስም አልጠራም። ቢሆንም ቆሎው አለቀ፤ ትርፉም ትንሽ ሆነ እንጂ የእውነት ነበር። ያን ቀን ዝምተኛው የክበቡ ገንዘብ ያዥ ብሩን ሦስት ጊዜ ቆጠረው።

የጉብኝት ዕቅዳችን በመጓጓዣ ምክንያት ቀርቷል። ከክበቡ አራቱ 12ኛ ክፍል ስለሆኑ ይሰናበቱናል። ደብተሩን መምህራን ማረፊያ፣ ከጠመኔው ሳጥን ሥር አስቀምጬዋለሁ። ለከርሞ የሚመጡት የመጀመሪያውን ዙር ዘለው ከሁለተኛው ይጀምሩ። የልብስ ሻጩ ተማሪ ሚያዝያ ላይ ደውሎልኝ ነበር። ለአባቱ ነጠላ ገዝቶላቸዋል፤ ከየት ባመጣው ብር እንደሆነ ግን ገና አልነገራቸውም።