የወንዝ ዳሩ የብስክሌት ጉዟችን

ውድ አባላት፣

ጉዟችን ተቃርቧል። በየሌሊቱ የምናድረው ወንዙ ዳር ባለው ጥንታዊ ሪዞርት ነው። ሻንጣችሁን ክፍላችሁ ትታችሁ ጠዋት ጠዋት ቀለል ብላችሁ ትወጣላችሁ። እንዲህ ያለውን ጉዞ የምወደው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን አጭር ነው። እባካችሁ ጉልበታችሁን አትጨርሱት፤ ለብዙ ሰው የሚከብደው በማግስቱ ነው። የወንዝ ዳር መንገድ ሜዳ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ግን ቁልቁለት ከሌለ እግር እረፍት የለውም፤ ፔዳል መምታት ብቻ ነው። ሳይነሱ ብዙ መቀመጥም ያማል። ስለዚህ ኮርቻችሁን ከአሁኑ አስተካክሉ፣ የለመዳችሁትንም በአዲስ አትቀይሩ። ነፋስ ካለ መጀመሪያ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሄደን እንጋፈጠዋለን፤ ስንመለስ፣ ሲደክመን፣ ከኋላ ይገፋናል።

ትርፍ ካላማዳሪ፣ መንፊያና ሄልሜት አትርሱ። ፍሬን ከመነሳታችን በፊት ይታይ። ውሃ እስኪጠማችሁ አትጠብቁ፤ በየ15 ወይም 20 ደቂቃው ጎንጨት በሉ።

ሪዞርቱ ዕድሜ ጠገብ ነውና ጭቃ የነካው ጫማና ብስክሌት ወደ ውስጥ አይግባ። ይህን አደራ እላለሁ።

ቀኑን ሙሉ መንዳት የማትፈልጉ ካላችሁ ቀድማችሁ ንገሩን። ግማሽ መንገድ ላይ የሚመለስ ቡድን እናዘጋጃለን፤ ማንም ብቻውን አይመለስም።