ሁለት ጾም፣ አንድ የካፌ በር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኑሮ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ዶርም ውስጥ ስድስት ሆነን አነበብነው። ጋዜጣው እኛ ጋ የደረሰው ዘግይቶ ነው፣ ያውም ዳቦ ተጠቅልሎበት። ጽሑፉ ጥሩ ነው። ግን የሚያወራው ስለ ትልልቆቹ ግቢዎች ብቻ ነው። እስቲ የእኛንም ስሙን።

እኔ የባቲ ልጅ ነኝ። የምማረው ደቡብ ወሎ፣ ደጋ ላይ ነው። የኮሌጁን ስም አልጽፍም፤ ገና አልተመረቅኩም። ከግቢው በር እስከ ቅርቧ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ቅጥቅጡ በቀን አንዴ፣ ሊነጋጋ ሲል ያልፋል። ካመለጠ አመለጠ ነው። ኔትወርክ የሚገኘው ከላይብረሪው ጀርባ አንድ ድንጋይ ላይ ተወጥቶ ነው። ድንጋዩን «ቴሌ» እንለዋለን። ብርዱን ተዉት። የባቲ ሰው ውርጭ የት ያውቃል? የመጀመሪያ ዓመት ላይ ማታ ያጠብኩት ሻሽ ጠዋት ገመድ ላይ እንደ ጣውላ ደርቆ ስላገኘሁት ጮኬ የዶርሙን ልጆች ቀሰቀስኳቸው። እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ካፌው ከተዘጋ የሚበላበት ሌላ ቤት የለም። ነገሬም እሱ ነው።

በዚህ ዓመት፣ በ2017፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ። ረመዳን ደግሞ የካቲት 22። በአምስት ቀን ልዩነት ማለት ነው። ዶርማችን ውስጥ ሦስታችን ሙስሊም ነን፣ ሦስቱ ክርስቲያን። ስለዚህ ለአንድ ወር ያህል ስድስታችንም ጾመኛ ሆንን። ካፌው ግን ሰዓቱን አልቀየረም። ምሳ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ተኩል። እራት ከ11 እስከ 12 ሰዓት ከሩብ። ከዚያ በሩ ይቆለፋል። የምናፈጥርበት የመግሪብ አዛን የሚሰማው ግን 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ክርስቲያኖቹም እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ናቸው፤ ምሳቸው ሳይነካ ካፌው ይዘጋባቸዋል። ምግብ ይዞ መውጣት ደግሞ ክልክል ነው።

እናም ዘዴ ዘየድን። እነሱ ቅዳሴ ሲሄዱ የምግብ ካርዳቸውን ለእኛ ይሰጣሉ፤ ምሳቸውን እኛ ተሰልፈን እናወጣለን። ማታ እኛ ለሶላት ስንዘጋጅ የእኛን እራት እነሱ ያወጣሉ። ካርድ የምትቆጣጠረው ቲከሯ አውቃለች፤ አይታ እንዳላየች ምልክቷን አድርጋ ታሳልፈናለች። ችግሩ በሩ ላይ ነው። ምሳ ዕቃውን ነጠላዬ ስር እደብቀዋለሁ። ሽሮ ግን አይደበቅም፣ ይሸታል።

አንድ ቀን ጥበቃው ያዘኝ። እኩለ ቀን፣ በረመዳን፣ የዶርም ጓደኛዬን፣ የአምባሰሏን ልጅ ሽሮና ሁለት እንጀራ ይዤ! ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንቺ ልጅ፣ ጾመኛ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። «የኔ አይደለም፣ የአምባሰሏ ነው» ብል ማን ይመነኝ። ምግብ በመስረቅ ብከሰስ ይሻለኝ ነበር። ተደብቃ የምትበላ ተባልኩ እኮ! ካርዴ ሦስት ቀን ተያዘ። የአምባሰሏም ያን ቀን እስከ ማታ ጦሟን ዋለች፤ ከኔ ይልቅ ያዘነችው ግን እሷ ናት።

በእነዚያ ሦስት ቀናት የአምስቱን እራት ለስድስት በላነው። ከግቢው በር ውጭ ቡና የሚያፈሉ እናት አሉ። ወሬው ሲደርሳቸው «አብሽሪ የኔ ልጅ» ብለው በቴምርና በሾርባ አስፈጠሩኝ። እሳቸው ራሳቸው ሁዳዴ ይዘዋል። ለስሁር፣ ጎህ ሳይቀድ ለሚበላው፣ ከቤት በመጣ በሶና ከቁርስ በተረፈ ዳቦ ተገላገልን። በሶ ነፍሱን ይማረው፣ ለሁለቱም ጾም ይሆናል።

አደራ፣ ወጥ ቤት የሚሠሩትን ሴቶች እየከሰስኩ አይደለም። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው እሳት የሚያነዱት እነሱ ናቸው። ሳይጨልም ቤታቸው መግባት ይፈልጋሉ፤ መንገዱ ላይ ጅብ አለ። እራት ይዘግይልን ብንል ጣጣው የሚወድቀው እነሱ ላይ ነው። ክልከላውም የመጣው ሳህን እየጠፋ ስላስቸገረ ነው ተብለናል። እውነት ነው፣ ይጠፋል። እኛ ዶርም እንኳን ሁለት ነበር (መልሰነዋል)።

ታዲያ የምንጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ጾመኛ ተማሪ የራሱን ክዳን ያለው ምሳ ዕቃ ይዞ ይምጣ፤ ካፌው ይሙላለት፤ ጥበቃው ያሳልፈው። ሳህን አይጠፋም፣ ወጥ ቤቱም አያመሽም፣ ቲከሯም ዓይኗን መጨፈን አይጠበቅባትም። ለተማሪዎች ዲን ይህንኑ ጽፈን አስገብተናል። «ጾሙ አልፏል፣ ለሚቀጥለው ይታያል» ተባልን።

የሚቀጥለው ግን ሩቅ አይደለም። በ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ሰኞ ይገባል። ረመዳንም እዚያው ሳምንት ውስጥ ነው የሚጀምረው። አሁን ግንቦት ነው። አንድ ማስታወቂያ ጽፎ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ዘጠኝ ወር አይበቃም?

እኔ ለፋሲካ እረፍት ቤት ስሄድ ከባቲ የሰኞ ገበያ ክዳኑ የሚጠብቅ ምሳ ዕቃ ገዝቻለሁ። ሁለት ነው የገዛሁት፤ አንዱ የአምባሰሏ ነው።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ
ከደቡብ ወሎ