የዝቋላን ጉዳይ «አይተን እንነግርሻለን» ላለኝ ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ስምዎንም ቢሮዎንም እዚህ አልጽፍም። ሦስት ጊዜ ደጅ ጠንቻለሁና እርስዎ ያውቁታል። እርስዎ ባያውቁት መዝገብ ቤትዎ ያውቀዋል።

ባለፈው መጋቢት 5 እናቴን ይዤ ለአቡዬ ዝቋላ ወጣሁ። ግርጌው ላይ መኪና ስናቆም ሁለት ልጆች «ለአካባቢ ጽዳት» የሚል ደረሰኝ ቆረጡልን። የቢሮዎ ማኅተም አለበት። ደስ አለኝ፣ ሞኝ ነኝና።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። እንደዚያም ሆኖ አናቱ ላይ ስንደርስ አቧራዋን እንኳ ሳታራግፍ ወደ ሐይቁ ወረደች። ለጸበል ጀሪካኗን ነከረች። መጀመሪያ የመጣላት ፌስታል ነው። ቀጥሎ ባዶ ሃይላንድ። ምንም አላለችም። ፌስታሉን ጨምቃ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። እኔ የምጥልበት በርሜል ፍለጋ ዞርኩ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አንድ እንኳ አጣሁ።

ዝቋላ እሳቱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ከፍታው 2,989 ሜትር ሲሆን፣ ድሮ እሳት ይተፋ የነበረው አፉ ዛሬ ውኃ ይዟል። ዙሪያው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ጠርዝ ነው። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ቢኖርማ ቆሻሻው ተንሸራቶ ሌላ ወረዳ ይገባና የሌላ ኃላፊ ራስ ምታት ይሆን ነበር። እዚህ ግን የገባ ሁሉ እዚያው ይቀራል።

በዚያ ውኃ ዳር መነኮሳት ይኖራሉ። የአካባቢው ኦሮሞም ጭቋላ እያለ በራሱ ሥርዓት ያከብረዋል። ጥዱ ውስጥ ጉሬዛ ይዘላል። ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ አንበሳና ነብር ከበዋቸው ነው የሚሣሉት። ዛሬ ቢመጡ የሚያስቸግራቸው አውሬ አይመስለኝም።

ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ በ15ኛው መቶ ዘመን በሠራው የዓለም ካርታ ላይ ዝቋላን አስፍሯል። የእርስዎ ቢሮ ግን ለመጀመሪያው ማመልከቻዬ «ቦታው የት እንደሆነ ይገለጽ» ብሎ መለሰልኝ። ገለጽኩ። ሁለተኛው ወደ ሌላ ክፍል ተመርቷል ተባለ። የትኛው ክፍል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን አልተገኘም። በሦስተኛው «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፤ አይተን እንነግርሻለን» አሉኝ። ስወጣ የስብሰባው ርዕስ በሩ ላይ ተለጥፎ አየሁ። ስለ ኢኮ ቱሪዝም ነበር።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 44 አላነብልዎትም። ንጹሕ አካባቢ መብት መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ የያዝኩት ደረሰኙን ነው። የዚያን ቀን ስንት መኪና እንደከፈለ በጉርዱ ይቆጠራል። ቆጥረው ይንገሩኝ፦ ጽዳቱ የት ነው? በርሜል እንኳ ካልተገዛበት ብሩ ምን ገዛ?

ጥቅምት 5 ሲመጣ እናቴ እንደገና መውጣቷ አይቀርም፤ ጉልበቷን እያሻሸች። ያን ፌስታል እስከ ቤት ይዛው መጥታ አጥባ አስቀምጣዋለች። ደረሰኙ ውስጡ ነው። ለማስረጃ ካስፈለገዎት ሁለቱንም አመጣልዎታለሁ፤ ስብሰባ ከሌለዎት።