ከአዳራሹ በፊት ኒቆዲሞስን እዩ

ውድ አዘጋጅ፣

እዚህ ኮሎራዶ ያለን ኢትዮጵያውያን የራሳችን የባህል ማዕከል ይኑረን ተብሎ መዋጮ ከተጀመረ ሰነባበተ። ሐሳቡን አልቃወምም፤ እኔም አዋጥቻለሁ። ቅር ያለኝ ሌላ ነገር ነው። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር የሚወራው ስለ ሕንፃው ብቻ ነው። ስንት ሰው ይይዛል? ፓርኪንጉ ይበቃል ወይ? ኩሽናው ምጣድ ይኖረዋል? ለሠርግ ስንት ይከራያል? ውስጡ ምን እንደሚቀመጥና የማን ታሪክ እንደሚነገርበት የጠየቀ ሰው «እሱ ሲደርስ ይታያል» ይባላል። እኔ ግን ያ ጥያቄ መቅደም አለበት ባይ ነኝ። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት አንዲት የካንሳስ መንደር ልጥራ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስሟ ኒቆዲሞስ ነው። አዎ፣ በዐቢይ ጾም ሰባተኛው ሳምንት የምናውቀው ኒቆዲሞስ። በአቅራቢያዋ የሚያልፈው ወንዝ ደግሞ ሰሎሞን ይባላል። ከዴንቨር በአይ-70 ወደ ምሥራቅ አምስት ሰዓት ያህል ቢነዱ ይደርሱባታል፤ ዋኪኒ ላይ ወደ ሰሜን መታጠፍ፣ ሂል ሲቲ ሲደርሱ እንደገና ወደ ምሥራቅ። ዙሪያው ሜዳ ነው። ስንዴ፣ ማሽላ፣ ሣርና ነፋስ። በ2020 ቆጠራ ነዋሪዎቿ 14 ነበሩ። ሱቅ የለም፣ ማደያ የለም። እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። በዚያ አውራ ጎዳና የምንመላለስ የሀገር ልጆች ብዙ ነን፣ ካንሳስን ግን የምናውቀው በመሰልቸት ነው። ቡና ይዘን፣ ዘፈን ከፍተን፣ ቶሎ ማለፍ። እኔም ስንት ጊዜ አልፌያታለሁ።

ይህች አሥራ አራት ሰው የሚኖርባት መንደር የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ቢሮ ከፍቶ ሠራተኛ ያስቀመጠባት ቦታ ናት። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማግሥት ጥቁሮች በምዕራቡ ሜዳ ከቆረቆሯቸው ከተሞች እስካሁን ያለችው እሷ ብቻ ስለሆነች።

ነገሩ የተጀመረው በ1877 ነው። ሂል የሚባል አፉ ጤፍ የሚቆላ ነጭ የመሬት ደላላ፣ ስሚዝ ከሚባል ጥቁር ቄስና ከሌሎች ጋር ሆኖ የከተማ ኩባንያ አቋቋመ። ወደ ኬንታኪ ፍላየር ተላከ። ባርነት ከተሻረ ገና አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሕዝቡ ነፃ ወጥቷል፣ መሬት ግን የለውም። ካንሳስ ኑ፣ መንግሥት 160 ኤከር ይሰጣል ተባለ። በኛ ልኬት ከአንድ ጋሻ ተኩል ይበልጣል። ከከተማው ቦታ ለሚፈልግም አምስት ዶላር። ማን እምቢ ይላል? በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ከሌክሲንግተን አካባቢ ሦስት መቶ የሚሆን ሰው በባቡር ተጭኖ መጣ። ባቡሩ የሚያደርሰው ኤሊስ ድረስ ነው። የቀረውን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ከምናምን በእግርና በጋሪ።

ሲደርሱ ከተማ የለም። ዛፍ እንኳ የለም። ቤት መሥሪያ እንጨት ስለሌለ መሬቱን ቆፍረው ጉድጓድ ውስጥ ገቡ፤ ከላይ ቅርንጫፍና ሣር ያለው አፈር ጫኑበት። ማገዶው የሱፍ አገዳና የጎሽ ኩበት ነበር። ከፊሎቹ በማግሥቱ ተመልሰው ሄዱ። ደላላውን ሊሰቅሉት ፈልገው እንደነበር ይነገራል። ያን ክረምት ያለፉት ከአደን ሲመለሱ ያገኟቸው ኦሴጅ የሚባሉ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ሥጋ ስላካፈሏቸው ነው ይላሉ ተወላጆቹ። የሚገርመው፣ ደላላው በኋላ በራሱ ስም ሌላ ከተማ መሠረተ። ዛሬ የአውራጃው መቀመጫ እሱ ነው፤ ቅድም ታጠፉበት ያልኳችሁ ሂል ሲቲ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። በተከታዩ ዓመት የጸደይ ወራት ወይዘሮ ዊሊያና ሂክማን ከባለቤታቸው ጋር ከኬንታኪ መጡ። ኤሊስ ላይ ኩፍኝ ገብቶ ከአብረዋቸው ተጓዦች ልጆች ሞቱባቸው። ከዚያ ሁለት ቀን በሜዳው ተጉዘው ሲቃረቡ ወንዶቹ «ያውላችሁ ኒቆዲሞስ» አሉ። ወይዘሮ ሂክማን ቢያዩ ቢያዩ ምንም የለም። «የት አለ? አይታየኝም» አሉ። ባለቤታቸው ከመሬት ውስጥ የሚወጣውን ጭስ አሳዩአቸው። ሰው የሚኖረው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነው። «ማልቀስ ጀመርኩ» ብለዋል ወይዘሮዋ። አልቅሰው ግን አልተመለሱም፤ ከሃያ ዓመት በላይ ኖሩበት።

ይህን እንዴት አወቅን? ሴትዮዋ አርጅተው በካንሳስ ዋና ከተማ በቶፒካ በሚኖሩበት ጊዜ፣ በ1937፣ አንድ የከተማው ጋዜጣ ቃላቸውን ስላተመ ነው። ነገሩ ከሆነ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ጥቂት ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ጭሱም ልቅሶውም አብሮ ተቀብሮ ነበር። ዛሬ ስለ ኒቆዲሞስ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ያቺን ጭስ ሳይጠቅስ አያልፍም። ሕንፃ አይደለም ያቆያት። አንድ ሰው ጠይቆ አንድ ሰው መለሰ፣ በቃ።

ሌላም ሴት አሉ። ሉሉ ክሬግ በልጅነታቸው ኒቆዲሞስ መጥተው፣ አድገው፣ አስተማሪ ሆኑ። የመንደሩን ታሪክም በእጃቸው ጻፉ። በኋላ ወደኛው ኮሎራዶ፣ ማንዛኖላ አጠገብ ተሻግረው ከሌሎች ጥቁር ገበሬዎች ጋር መሬት ያዙ። መቶ ዓመት አልፏቸው ነው ያረፉት። የጻፉት ዛሬ ለተመራማሪ ሁሉ ምንጭ ነው። ማንም አላዘዛቸውም፤ ኮሚቴም አላቋቋሙም።

መንደሯ አፈር ልሳ ተነስታ ነበር። ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ ሁለት ጋዜጣ ሳይቀር ነበራት። ከነዋሪዎቿ አንዱ፣ ኤድዋርድ ማክኬብ፣ በ1882 የካንሳስ ዋና ኦዲተር ሆኖ ተመረጠ። ጥቁር ሰው በዚያ ግዛት ደረጃ ሲመረጥ የመጀመሪያው ነው። የገደላት ባቡር ነው። በ1887 ሐዲዱ በኛ በኩል ይለፍ ብለው 16,000 ዶላር ቦንድ በድምፅ አጸደቁ። አልመጣም። በዓመቱ ሌላ ኩባንያ መስመሩን ከወንዙ ማዶ ዘረጋው። ነጋዴው እቃውን ብቻ ሳይሆን አንዳንዱ ቤቱን ጭምር ነቅሎ ወደ ባቡሩ ሄደ። ቦግ የምትባለው ከተማ እንዲህ ተፈጠረች። ባቡር ሐረርን ትቶ ድሬዳዋን እንደፈጠረ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አዲስ ታሪክ አይደለም። ሐረር ግን በግንቧ ቆየች፤ ኒቆዲሞስ ግንብ አልነበራትም። በ1930ዎቹ ድርቁና የአቧራው ማዕበል ተጨመረ። በ1953 ፖስታ ቤቱ ተዘጋ፣ በ1960 ትምህርት ቤቱ።

እዚህ ላይ አለቀ ማለት ነበረበት። አላለቀም። የሄዱት ሰዎች መምጣታቸውን አላቆሙም። በ1878 የነፃነት ቀን ብለው የጀመሩት በዓል ነበራቸው፤ ዛሬ የመመለሻ በዓል ይሉታል። በየዓመቱ በጁላይ የመጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ከዴንቨር፣ ከቶፒካ፣ ከካሊፎርኒያ የልጅ ልጆች ይመጣሉ፤ አሥራ አራት ሰው የሚኖርባት መንደር በመቶ የሚቆጠር ሰው ይሞላባታል። ሰልፍ አለ፣ ጥብስ አለ፣ ጸሎት አለ፣ የማን ልጅ ነህ አለ። ለግሪን ቤይ ፓከርስ የተጫወተው ቬሪል ስዊትዘር የዚያ ልጅ ነው፤ አሜሪካን ፉትቦል የሚያዩ ልጆቻችሁን ጠይቁ።

አዳራሹን ገብቼ አይቼዋለሁ። በ1939 በሩዝቬልት ዘመን የሥራ ፈጠራ ፕሮግራም በኖራ ድንጋይ የተሠራ ነው። ከውጭ ሲያዩት ከቀበሌ መሰብሰቢያ የተለየ ግርማ የለውም። ሲሠራም ሙዚየም ይሁን ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ የመንደሩ ሰው የሚሰበሰብበትና የሚጨፍርበት ቤት ነው። ዛሬ ግድግዳው ላይ ቤተሰቦቹ አሉ፦ በሰንበት ልብሳቸው የተነሱት፣ ከበቅሎ ጎን የቆሙት፣ ልጅ የታቀፉት። አንዲት የፓርኩ ሠራተኛ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ከኢትዮጵያ ስላት ደንገጥ ብላ የእንግዳ መዝገቡን አቀረበችልኝ። በአማርኛ ፈረምኩ። ከአዳራሹ ወጥቶ ጥቂት ቢራመዱ የኤ.ኤም.ኢ. (የጥቁር ሜቶዲስቶች) ቤተ ክርስቲያን፣ አሮጌው ሆቴል፣ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንና በ1918 የተሠራው ትምህርት ቤት አሉ። አምስት ሕንፃ፣ ከነፋሱ ጋር። ሁሉም ያማረ አይደለም፤ ጥገና የሚለምን ነበረበት። ትልቅ ነገር አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ቅር ሊለው ይችላል።

መንግሥት ቦታውን በ1976 በብሔራዊ ቅርስነት መዘገበው፤ በ1996 ደግሞ የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት አካል ሆነ። ይህ ከሰማይ አልወረደም። የመሥራቾቹ ተወላጅ የሆኑት አንጀላ ቤትስ የታሪክ ማኅበር አቋቁመው፣ ፎቶና ቃል ሰብስበው፣ ዋሽንግተንን ነዝንዘው ነው። ልብ በሉ፣ ሲነዘንዙ በእጃቸው የሚያሳዩት ነገር ነበራቸው።

የኛን ታሪክ ከነሱ ጋር ላወዳድር አልፈልግም። ከባርነት የወጣ ሰውና በአውሮፕላን የመጣ ስደተኛ አንድ አይደሉም። «የኛ ታሪክ ሀገር ቤት ነው፣ እዚህ የመጣነው ለእንጀራ ነው» የሚሉ ወንድሞችም አሉ። አክሱምና ላሊበላ ላለው ሕዝብ የአውሮራ አፓርትመንት ምን ቅርስ ይሆናል ይላሉ። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ላሊበላን የሚጠብቀው ሞልቷል። በሱዳን በረሃ አቋርጦ፣ ካምፕ ከርሞ፣ በሰማንያዎቹ ኮሎራዶ በረዶ ላይ በሸራ ጫማ የወረደውን ሰው ታሪክ ግን ከኛ በቀር የሚይዝለት የለም። ልጆቻችንም ላሊበላን በዩቲዩብ ያገኙታል። አባታቸው የመጀመሪያውን ሌሊት የት እንዳደረ ግን ዩቲዩብ አይነግራቸውም።

ለሕንፃ ሚሊዮኖች ያስፈልጋል። ለዚህ ስልክ ይበቃል። ሰዎቹ እያረጁ ነው። የመጀመሪያዎቹን ታክሲ ያሽከረከሩት፣ የመጀመሪያውን እድር የመሠረቱት፣ ቤተ ክርስቲያን ሳይኖረን በሰው ምድር ቤት ማኅበር ያበሉት። ገሚሶቹ አልፈዋል፤ ለቅሶአቸው ላይ በርበሬና ቡና ይዘን ሄደናል፣ የጠየቅናቸው ግን የለም። የእድሩ የመጀመሪያ መዝገብ የት ነው? ወረቀት ይዘን የገባንበት የአይ.ኦ.ኤም. (የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት) ነጭ ፌስታልስ? ብዙዎቻችን ቤት ቁም ሳጥን ላይ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ልጆቹ ቤት ሲያጸዱ አንድ ቀን ይጥሉታል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛው ለኮሚቴው ነው። ከተሰበሰበው ገንዘብ ትንሽ ተቆርጦ፣ አማርኛም እንግሊዝኛም የሚያውቁ የኮሌጅ ልጆች ይቀጠሩበትና ሽማግሌዎቹንና እናቶቹን ቤታቸው ሄደው ይቅረጹ። በአማርኛም፣ በትግርኛም፣ በኦሮምኛም። ወጣቶቹ የበጋ ሥራ ያገኛሉ፣ ኮሚቴውም ለለጋሽ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። «ሕንፃው ሲያልቅ» የሚለው መልስ አያረካኝም፤ ሕንፃው መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁምና።

ሁለተኛው ለእናንተ ለጋዜጣው ነው። በየእትሙ አንድ ገጽ ስጡን። አንድ ሰው፣ አንድ ፎቶ፣ አንድ ጥያቄ፦ እዚህ ሲደርሱ መጀመሪያ ያዩት ምን ነበር? የቶፒካው ጋዜጣ ለወይዘሮ ሂክማን ያደረገው ይህንኑ ነው። ጸሐፊ ካጠራችሁ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመንገድ ስመለስ ሄጄ እቀርጻለሁ። አጻጻፌን እናንተ ታቃናላችሁ። መጀመሪያ የምጠይቃቸውን እናት ከወዲሁ አነጋግሬአቸዋለሁ፤ «ምን አለኝና» ብለው ሲግደረደሩ ቆይተው፣ ሱዳን ገዳሪፍ ስለተወለደችው ልጃቸው ሳልጠይቃቸው ጀመሩልኝ። ገጹን ትሰጡን እንደሆነ ብቻ አስታውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ አውሮራ፣ ኮሎራዶ